አክስቴ ባለመሞታቸው ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የቀዶ ሕክምና ስጋት መዳቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ የደም ግፊትዎ ከፍ ዝቅ ሳይል፣ ስኳርዎም ልኩን ሳያልፍ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አናጢ ነኝ፤ ያሳደጉኝ የሰባ አራት ዓመቷ አክስቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሐሞት ጠጠራቸው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ጉዳያቸው ሲቀርብልዎ «አራተኛ ደረጃ፣ እጅግ አስጊ» ብለው ስለመደቧቸው ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ቅጽዎ «ሁለት ፎቅ ሳያርፉ መውጣት ይችላሉ?» ብሎ ስለጠየቀ እናመሰግናለን። ጸሐፊዎ ዕድሜያቸውን አይታ «አይችሉም» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገችው፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር አክስቴ አራተኛ ፎቅ ያለው ቢሮዎ ድረስ በእግራቸው ወጥተው ፊቷ ቆመው ሳሉ ነው። እኔ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ግድግዳ ተደግፌ ነበር።

፪. ቀዶ ሕክምናው ይደረግ አይደረግ የሚለውን ውሳኔ ሦስት ጊዜ በማራዘምዎ ትዕግሥትን አስተምረውናል። በእነዚያ አምስት ወራት ሕመሙ ሲነሣባቸው የስፌት መኪናቸው ላይ ድፍት ብለው ጥርሳቸውን ሲነክሱ እያየሁ እጄን አጣጥፌ ከመቆም በቀር ያደረግሁት የለም። አንድ ቀን ቀና ብለው «ልጄ፣ ቢላዋውንስ አልፈራም፤ የሚገድለኝ ቀጠሮው ነው» አሉኝ። ይህን የስጋት ዓይነት ቅጽዎ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

፫. በመጨረሻ አንዲት ቀዶ ሐኪም ወረቀትዎን በአክብሮት ወደ ጎን አድርገው፣ ነውር በሚመስል ድፍረት በሽተኛዋን ራሳቸውን አዩአቸው። ሆዳቸውን ዳሰሱ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ጠየቁ፤ ከዚያም «ስጋት አለው፤ መቆየቱ ግን ይብሳል» ብለው በነጋታው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧቸው። በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ስቆም የእርስዎ አራት ቁጥር ከዓይኔ አልጠፋም፤ ለዚህም ባለውለታዎ ነኝ። አክስቴ ነቅተው መጀመሪያ ያሉት የሐኪሟ ጋዋን እጅጌው እንደሚረዝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ።

፬. «አንደኛ ደረጃ፣ ስጋት የሌለበት» ያሉት ኳስ ተጫዋቹ የባለቤቴ ወንድም ለቡአ ቀዶ ሕክምና ገብቶ ቁስሉ አመርቅዞበት ሃያ ቀን ተኝቷል። አሁን ደኅና ነው። ጠያቂው አክስቴ ነበሩ፤ ደረጃውን ወጥተው።

ምደባዎን ባለማክበራችን ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የሰላምታዬን ብዛት በየትኛው ደረጃ እንደሚመድቡት ለእርስዎ እተዋለሁ።

እስከ ዛሬ አክስት ያለው አናጢ

ማስታወሻ፦ «ታካሚዋ በሕይወት ካሉ ለድጋሚ ምደባ ይቅረቡ» የሚለው ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶናል። በሕይወት አሉ፤ ግን የሙሽራ ልብስ ይዘው ፋታ የላቸውም። እርስዎ ብቅ ቢሉ ግን ልክዎን በደስታ ይነግሩዎታል።