በግራ በኩል ብቻ የሚሰማ ጊታር

ጥር 6፣ 1981። ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

አልገባም። የስቴሪዮው ጀርባ ስድስት ቀዳዳ አለው፤ ሁሉም ጠባብ። የጊታሩ ገመድ መሰኪያ አውራ ጣት ያክላል። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ይኸው እዚህ ነኝ። እማዬ ሁለቴ አልፋኝ ሄደች።

ደብተሬ፣ ሙዚቀኛዋ እኔ እንዳልሆንኩ አንተ ታውቃለህ። ጊታሩ የወንድሜ የደረጀ ነው። ሆቴል ውስጥ ሲጫወት ማጉያው የባንዱ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት፤ ደብዳቤው ከቆመ አሥራ አንድ ወር። ያለ ማጉያ ጊታሩ ሽቦ ነው፣ ቲው ቲው ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ የድሮ ድምፁን መስማት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥር 8፣ ሰኞ። ማታ

ጋሽ ታደሰ ይባረክ። አውሮፕላን ማረፊያ፣ እኔ የጭነት ወረቀት ከምተይብበት ቢሮ ጎን ሬዲዮ ይጠግናል። በምሳ ሰዓት አንድ አሮጌ ገመድ ቆርጦ፣ አንዱን ጫፍ ወፍራም ሌላውን ቀጭን አድርጎ በየደልኝ። ያገኘው ቀጭን መሰኪያ አንድ ብቻ። ስለዚህ በግራው ስፒከር ብቻ ይጮሃል አለኝ። የሸክላ ማጫወቻው ቀዳዳ ውስጥ እንዳትሰኪው፣ እሱ ትንሹን ድምፅ አብዝቶ ያጎላል ብሎም አስጠነቀቀኝ። እሺ እሺ አልኩ። ልቤ ግን ጊታሩ ጋ ነበር።

የት ሰካሁት? የሸክላው ውስጥ። ጽሑፉ ተፍቋል፣ ምን ላድርግ።

ቤቱ ጮኸ! እማዬ ከጓዳ ወጣች፣ አባባ ከመኝታ ቤት። ወዲያው በር ተንኳኳ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጓድ መኮንን፣ የቀበሌው ሰው። ገመዱን ቶሎ ነቀልኩት። እሳቸው ግን ሳቁ። በግ የሚታረድ መስሏቸው ነበር። ጊታር መሆኑን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ የቀበሌው ኪነት ጊታር የሚጫወት ሰው አጥቷል፣ በእኛ ሳትሳቀቂ ተለማመጂ አሉኝ። ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

አባባ ያኔ ነው ጋቢውን የገለጠው። ትንሿ ሬዲዮ ብብቱ ሥር ነበረች።

ጥር 9፣ ማክሰኞ

ይህን መጻፍ ያስፈራል፤ ግን ለማን ልንገር። አባባ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያን የተከለከለውን የአማፂዎቹን ጣቢያ ይሰማል። የተማረኩ ወታደሮችን ስም የሚያነበውን። ስሙ ከተነበበ በሕይወት አለ ማለት ነው። ብንያዝ ሁላችንም አለቀልን። ስለዚህ ጋቢ ተከናንቦ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ሬዲዮዋን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው። እማዬ ፊቱን እያየች ትቀመጣለች።

ዛሬ ግን አመነ። ጆሮዬ ደክሟል አለ። ስም ያልፈኛል፤ ምናልባት የደረጀም አልፎኝ ይሆናል። እማዬ አለቀሰች። እኔም።

ከዚያ መላው መጣ፣ የአባባ ነው። ሬዲዮዋ ከፍ እንድትል፣ ለጎረቤት የሚሸፍናት ሌላ ድምፅ ያስፈልጋል። ካሴት ማጫወቻው ከተበላሸ ቆየ። የአገሩን ሬዲዮ ብንከፍት ንግግር ከንግግር ይምታታበታል። ጊታር ግን ቃል የለውም። ጓድ መኮንንም ራሳቸው ፈቅደዋል!

ግራውን ስፒከር ወስጄ ፊቱን ወደ እሳቸው ግድግዳ አዞርኩት። ገመዱን ከሸክላው ነቅዬ ወደ ትርፉ ቀዳዳ። ድምፅ 3 ላይ። ቀኙ ስለማይጮህ መኝታ ቤት ሬዲዮዋ እንደ ልብ ትሰማለች አሉኝ። ጋሽ ታደሰ ሁለተኛ መሰኪያ አለማግኘቱ በጀን።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሥራ የለም። ጣቴ ቆስሏል። የማውቀው ደረጀ ያስተማረኝን አንድ የባቲ ዜማ ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ ያንኑ። ጓድ መኮንን በአጥር በኩል ሌላ አታውቂም ወይ አሉኝ። እማዬ አሁን ራሷ ትሰማለች፣ ስሞቹን በጣቷ ትቆጥራለች። የእኛ የለም። ስንት እናት ናት በየቤቱ እንዲህ የተቀመጠችው?

ጥር 16፣ ማክሰኞ። 2 ሰዓት ተኩል

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

እየተጫወትኩ ነው። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አባባ እጁን ሲያነሳ አየሁ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ከጊታሩ በቀር። ሞቷል ወይስ አለ? ጣቢያው የሞተ አያነብም፣ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ጠፋብኝ። ጣቴ አንድ ክር ሳተ። ላቆም ነበር። ባቆም ግን የእማዬ ልቅሶ በግድግዳው ያልፋል። ድምፁን ከ3 ወደ 6 አደረግኩት። ያንኑ ባቲ እንደገና ከመጀመሪያው።

ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ቀጠልኩ። ከዚያ አባባ መጥቶ በጆሮዬ ነገረኝ። ደረጀ፣ የአባባ ስም፣ የአያቴ ስም። አዲስ አበባ፣ ቦሌ። ከውትድርና በፊት ጊታር ተጫዋች።

አለ። ወንድሜ አለ!

ጥር 17፣ ረቡዕ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል

ጓድ መኮንን ጠዋት፣ ትናንት ጉድ አደረግሽው፣ ምን ተገኘ አሉኝ። ክሩን ቀይሬ ነው አልኩ። እልል ማለት አይቻል፣ ለጎረቤት መንገር አይቻል። እማዬ ቀኑን ሙሉ አንዱን ብርጭቆ ስታጥብ ዋለች።

አሁን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሬዲዮዋ ዛሬ ትረፍ አለች። ይህን ሁሉ ቀን ስትጫወቺ አንድም ቀን አልሰማሁሽም፤ ጆሮዬ ስሙ ላይ ነበር አለችኝ።

ነገም ከነገ ወዲያም በዚሁ ሰዓት እጫወታለሁ፤ ድንገት ባቆም ያጠያይቃል። ለዛሬ ግን ስፒከሩን ከግድግዳው መልሼ ወደ እማዬ አዞርኩት።