ሁለት ያደረግኳት ሠዓሊ

ሰኞ፣ ማርች 6 ቀን 1972፣ ኦክላንድ

«ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈው ጽሑፍዎ ስሕተት እንዳለበት ከአንዲት ጎብኚ ተጠቁመናል። እርስዎን ላለማሳፈር ስንል ሥዕሉንም ጽሑፉንም ከግድግዳ አውርደናል። ማስታወቂያ አናወጣም።»

ዛሬ የደረሰኝ ደብዳቤ ቃል በቃል ይኸው ነው። ከሥሩ የሙዚየሙ የሥዕል ክፍል ኃላፊ የሚስተር ሆልደን ፊርማ። ስሕተቱ ምን እንደሆነ እንኳ አልጻፈም።

ኦዴት ፍሬሶንን በዚህ ከተማ የሚያውቃት አልነበረም። ከሰማንያ ዓመት በፊት ፈረንሳይ አገር ቀለም ሳትደባልቅ፣ ንጹሕ ቀለሞችን በነጠብጣብ ጎን ለጎን እያኖረች ትሥል የነበረች ሴት ናት። አብረዋት የሠሩት ወንዶች በየመጽሐፉ አሉ፤ እሷ የለችም። ሥዕሏን ከሙዚየሙ ምድር ቤት አውጥተው እንዲሰቅሉት ሁለት ዓመት የነዘነዝኳቸው፣ ጽሑፉንም የጻፍኩላቸው እኔ የኮሌጁ መምህር ነኝ። አሁን እኔ እንዳላፍር ተብሎ ወደ ምድር ቤት ተመለሰች።

ባለቤቴ ወይንሸት ደብዳቤውን አንብባ፣ መጀመሪያ ምን እንዳጠፋህ ጠይቅ አለችኝ። ከእነሱ ጋር ወገነች። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ

ለሚስተር ሆልደን ደወልኩለት። ድምፁ መርፌ ሊወጋ እንደተዘጋጀ ሐኪም ለስላሳ ነው። ጎብኚዋ ጡረታ የወጣች ፈረንሳዊት አስተማሪ ናት አለኝ።

እኔ የጻፍኩት፦ ፍሬሶን ጥቂት ዓመት ሠርታ ተወችው፤ ማዳም ላቫርድ የምትባል ሌላ ሴት ደግሞ የእሷን አሣሣል እየቀዳች ቀጠለች። አስተማሪዋ ያለችው፦ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

ማስረጃዋ የታለ ብዬ ጮኽኩ። እስቲ እርስዎ ያጣሩ አለኝ፣ በዚያው ድምፁ። ስልኩን ዘጋሁበት። የቢሮዬ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝ፣ መልሶ ዘጋ።

ረቡዕ

የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀደድኩት። አንድ ነገር ከነከነኝ። የላቫርድን ሥዕል በዓይኔ አላየሁትም፤ ያየሁት ጥቁርና ነጭ ፎቶውን ነው። ነገሯ ሁሉ ቀለም በሆነ ሴት ላይ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ፈረድኩ።

ሥዕሉ ሳን ሆዜ ከተማ ሚስስ ዊልከስ የምትባል አሮጊት ቤት ነው። ደወልኩላት። ቅዳሜ ኑ አለችኝ፣ ቆጣ ብላ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ማንንም አልተቆጣሁም። ይህም ቁም ነገር ከሆነ።

ቅዳሜ

ወይንሸት ነዳች። ስናደድ መሪ አትሰጠኝም።

ሥዕሉ ሳሎን አልነበረም። ሚስስ ዊልከስ ወደ ጋራዡ ወሰደችን። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አቁማዋለች። ሙዚየሙ ሄዳ ጽሑፌን አንብባ ኖሯል።

«እናቴ ሙሉ ዕድሜዋን ሳሎን ሰቅላው ነበር» አለችኝ። «እርስዎ ግን ኮፒ ነው አሉ። ታዲያ ኮፒ እንግዳ ፊት ይሰቀላል?»

አዞረችው። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ከኋላው ወንዝ። ጥላው ሐምራዊ ነጠብጣብ ነው፤ መሐል መሐሉን ብርቱካናማ ጣል ጣል ተደርጎበታል። የኦክላንዱም ጥላ እንዲሁ ነው። የብሩሹ ምት ግራኝ ሰው እንደሚያዘነብለው ያዘነብላል። የኦክላንዱም እንዲሁ። በሸራው ጠርዝ ዙሪያ ጣት የምታህል ባዶ ቦታ ተትታለች። እሷንም ኦክላንድ አይቻታለሁ።

ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። ወይንሸት በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣

«አግብታ ነዋ» አለችኝ።

«ማን?»

«ልጅቷ። የፈረንጅ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትይዝ የለም እንዴ? አንተ አይደለህ ከኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ጋር የምትሟገተው?»

እኔ ነኝ። ሂሳቡ በ«ሚስስ በላቸው» ስም በመጣ ቁጥር፣ ባለቤቴ ወይንሸት ኃይሉ ናት፣ በእኛ አገር ሴት ብታገባም የአባቷ ስም ከእሷ ጋር ነው እያልኩ እጽፋለሁ። የእነሱ ልማድ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፈረንሳይ ተምሬ፣ ሠርጋቸው ላይ በልቼ ጠጥቻለሁ። ግን የድሮ ኤግዚቢሽኖችን ዝርዝር ሳገላብጥ ፍሬሶን ከጠፋች በኋላ ላቫርድ ብቅ ስትል፣ አንዷ ሄደች ሌላዋ መጣች አልኩ። ሌላ ነገር በልቤ አልመጣም።

ሌሎች ረሷት። እኔ ግን ከራሷ የሰረቀች ሌባ አደረግኳት።

ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ከዳኝ። ወይንሸት ጨረሰችልኝ። ሚስስ ዊልከስ አቧራውን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ሥዕሉን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ላግዛት አልደፈርኩም።

መንገድ ላይ ወይንሸት ሳቋን መያዝ አቃታት። «ብሞት እኮ ሁለት መቃብር ልታስቆፍርልኝ ነው። አንድ ለወይንሸት ኃይሉ፣ አንድ ለሚስስ በላቸው።»

አልሳቅኩም። ቆይቼ ግን፣ ፍሪሞንት ስንደርስ፣ ትንሽ።

እሑድ

ከቤት አልወጣሁም። እውነቱን ልጻፍ፦ እስከ እኩለ ቀን ድረስ የሆልደን ሐሳብ ጣፍጦኝ ነበር። ማስታወቂያ የለም፣ የሚያውቅ የለም። የሙዚየሙን መጽሔት ኮሌጁ ውስጥ ሁሉም ያነበዋል። ወዳጆቼም በእኔ ለመሳቅ ሰበብ አያጡም፤ ስንቱን በሰው ፊት አርሜ የለ።

ግን የእኔን ዝምታ ዋጋ የምትከፍለው እሷ ናት። እኔ ከተሸፈንኩ እሷ ምድር ቤት ትቀራለች።

ሰኞ፣ ማርች 13

ሆልደን ዘንድ በአካል ሄድኩ። ተሳስቻለሁ፣ ሥዕሉን መልሱት አልኩት። ደስ ያለው አልመሰለኝም። ቦታው በሌላ ሥዕል ተይዟል፣ ምናልባት በሚመጣው ዓመት አለኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «የተከበሩ ሰው ነዎት፤ ለምን ራስዎን ያዋርዳሉ?» አለኝ።

ያሳፈረኝ ደግነቱ ነው። ወጥቼ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ጻፍኩለት። ወይንሸት ሁለት ስድብ ሰረዘችበት፤ የቀረው ይኸው፦

«ስሕተቱ የእኔ ነው። በመጽሔታችሁ በሙሉ ስሜ ይታተም። ሥዕሉ ወደ ነበረበት ግድግዳ ይመለስ፤ ከጎኑም፦ ኦዴት ፍሬሶን፣ ካገባች በኋላ ላቫርድ ብላ የፈረመች፣ አንዲት ሠዓሊ ተብሎ ይጻፍ። እኔን ላለማሳፈር አይድከሙ፤ አፍሬ ጨርሻለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። እስከ ዓርብ ማርች 24 ድረስ በጽሑፍ ይመልሱልኝ።»