እንግዳ ይቅደም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? የባልሽ ወገብ ተሻለው? እኔን ከጠየቅሽኝ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ። ለቀብሩ አልደረስኩም ብለሽም አትብሰልሰይ፤ መንገዱ አሁንም ውሃ ውስጥ ነው።

በስልክ «አባባ እንዴት ሆነ?» ስትይኝ ዝም ያልኩት ሰው ከቦኝ ስለነበር ነው።

ጎርፉ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የምታሻግረው አንዲት ጀልባ ብቻ ናት። ማን ቀድሞ እንደሚሄድ የምወስነው እኔ ነኝ። የምውለው ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ በመምህራኑ ክፍል፣ ከሬዲዮው ጋር ነው። የጀልባዋ ሰዎች «ወይዘሮ ትራፊክ» ይሉኛል።

መጀመሪያ ላይ እግሩን ወለም ያለው የአንድ ሹም አማች፣ ደም የሚፈሳትን ልጅ ቀድሞ ተሻገረ። ሰዎቹ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ታውቂኝ የለ፣ ስናደድ ሕግ አወጣለሁ። ከእንግዲህ በሬዲዮ ስም አይጠራም፣ ዕድሜና ሕመም ብቻ ይነገረኝ አልኩ። ሁሉም አመሰገነኝ።

ያን ቀን ነርሷ ከጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ሆና ጠራችኝ። ሁለት ሰው ይዛለች፦ ምጥ የያዛት፣ ደም የሚፈሳት ሴት፤ ደረታቸውን ይዘው የሚያልባቸው ሽማግሌ። ጀልባዋ ላይ ማስተኛት የሚቻለው አንድ ሰው ነው። የሚቀረው ጀልባዋ እስክትመለስ ላይቆይ ይችላል አለችኝ። ሽማግሌው በዚያ ሕመማቸው ይቀልዳሉ፤ የሴትዮዋን ሆድ እያሳዩ፣ «እኔ የቤት ሰው ነኝ፤ እንግዳ ይቅደም» ይሉኛል አለች።

ሬዲዮውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ትሰሚኛለሽ ወይ እያለች ደጋግማ ጠራችኝ። በመጨረሻ ሴትዮዋን ጫኑ አልኩ።

ጀልባዋ ስትመለስ አባባ አርፎ ነበር።

ለቅሶ የሚደርሰኝ ሁሉ ያጽናናኛል። አባትሽ ዳገቱ ላይ፣ አክስትሽ ቤት ነበር የመሰለሽ፤ ስሙ ካልተነገረሽ በምን ታውቂ? ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

ልጆች ሳለን ሰው በመጣ ቁጥር አባባ አልጋችንን ሲያስለቅቀን፣ መሬት ላይ ተኝተን እንዴት እንደምናኮርፍ ትዝ ይልሻል? ምን እያለ እንደሚያባብለንም አትረሺውም።

ሕፃኗ ደህና ናት። እናቷ የሽማግሌው ልጅ መሆኔን ሰምታ፣ ያዢልኝ ብላ ሰጠችኝ። ቶሎ መለስኩላት።

ወንድሞቻችን ከጠየቁሽ አላወቀችም በያቸው። ለእኔ ግን እንዲያ አትበይኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። እሱ ይመርቀን እንደነበረው፣ ቤትሽ እንግዳ አይጣ።

ታናሽ እህትሽ