ከጎመን መደቤ አልነሳም

አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለቁጡዋ ልጄ ለሚስጥር
ድሬዳዋ

እንደምን አለሽልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ይህን ስነግርሽ "እማዬ በቃ" እያልሽ ስለምታቋርጪኝ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። አሁን እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

ቅዳሜ መኪና ይዘሽ ልትመጪ፣ ቤቱን አከራይተሽ እኔን ልትወስጂኝ መቁረጥሽን ሰምቻለሁ። አልሄድም። ሐምዲያ ደውላ መውደቄን ስትነግርሽ ብትደነግጪ አልፈርድብሽም። "ያ አትክልት ቦታ ሊገድልሽ ነው" ያልሽው ግን እስካሁን ያናድደኛል። የዚያን ዕለት የውሃ ተራው የኔ ስለነበር የስኳር መርፌዬን ተወግቼ ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ። ጎመኑ ምን በወጣው?

አንቺ የምታውቂው ከቤታችን ጀርባ፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር የነበረውን የቆሻሻ መጣያ ነው። አባትሽን ቀብረን አንቺ ከተመለስሽ በኋላ በሬን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ማንም ማንንም አያይም ነበር፤ ከዚያ ከሁከቱ ጊዜ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሰላምታ እንኳ ትቶ ነበር። ከጅማ ተመድባ የመጣችው የባዮሎጂ መምህርት ሐምዲያ ግን የሰፈሩን ኩርፊያ አታውቅም፤ በየበሩ እያንኳኳች ዶማ ይዛችሁ ውጡ አለችን። ወጣን። ቆሻሻውን አነሳን፣ መደብ ተካፈልን፣ ከዚያ ሁሉም የየራሱን በእሾህ አጠረ።

ሐምዲያ እሾሁን አይታ ተናደደችና አንድ ደንብ አወጣች። ማንም ከራሱ መደብ ለራሱ አይቆርጥም፤ የሚበላውን ከጎረቤቱ ይጠይቃል፣ ጎረቤቱም ቆርጦ ይሰጠዋል። ከኔ አጠገብ ያለው መደብ ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የፊት ለፊታችን የኦቦ ቦጂያ። ከተቀየሙት ሰው ጎመን መለመን ምን ያህል እንደሚያሳፍር እኔን ጠይቂኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ብቻ በላሁ። በኋላ እሳቸው ቀይ ሥር አማራቸውና መጥተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ እኔም ቆርጬ ሰጠሁ። በማግስቱ ጎመን ጠየቅሁ።

በመጀመሪያው በጋ የሠራነውን ብትሰሚ ትስቂያለሽ። ኦቦ ቦጂያ፣ ለሰው ጨጓራ የሚበጅ ውሃ ለችግኝ ምን ይሳነዋል ብለው ሁላችንንም አሳመኑን፤ ከፍልውሃው ምንጭ በጄሪካን እያመላለስን አጠጣን። አፈሩ በጨው ነጣ፣ ችግኙም ደርቆ ቀረ። ሐምዲያ አፏን ይዛ ቆመች። እኔ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ስኳሬም ወርዷል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ምን አዲስ ነገር ጀመርሽ ብትለኝ ጎመን እየለመንኩ ነው አልኳት። እንቅልፌ ተመልሷል። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን አልይዝም። እና አንቺ ከዚህ ነቅለሽ ልትወስጂኝ ነው?

አሁን ደግሞ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አባትሽ የወደቀ ዕለት ከተማው ሁሉ በፍርሃት ተዘግቶ ነበር። ብቻዬን ላነሳው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ወጥቼ ጮህኩ። የኦቦ ቦጂያን በር በሁለት እጄ ደበደብኩ። አልተከፈተም። ስመለስ አባትሽ አልፎ ነበር። ሰው ጠልተሽ እንዳትኖሪ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።

ባለፈው ግንቦት ስወድቅ ሮጠው የደረሱት ኦቦ ቦጂያ ናቸው። ሐምዲያ ስኳር በጥብጣ አቀመሰችኝ። ነፍሴን ሳውቅ ራሴ በሳቸው ጉልበት ላይ ነበር። ሐምዲያ ተጨማሪ ውሃ ልታመጣ ስትሄድ ጎንበስ አሉና፣

"አዴ ፈትሌ፣ ያን ቀን ጩኸትዎን ሰምቼ ነበር። በሩ ጋ ቆሜ ነበር። እጄ አልከፍት አለኝ" አሉ።

"አውቃለሁ" አልኳቸው። "እግርዎን በበሩ ሥር አይቼዋለሁ።"

በዚያ ዕድሜያቸው በጀርባቸው አዝለው ቤቴ አደረሱኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በራቸው ጠዋት ተከፍቶ ማታ ነው የሚዘጋው፤ ክረምቱንም እንደዚያው ነው ያሳለፉት።

እንግዲህ ንገሪኝ፤ ድሬዳዋ፣ አንቺ ሥራ ውለሽ፣ እዚያ ፎቅ ቤትሽ ውስጥ ብወድቅ የማንን በር ልደብድብ? ቅዳሜ ነይ፤ ናፍቀሽኛል። መኪናውን ግን ለብቻሽ መመለሻ ተነጋገሪው።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ። በጨነቀሽ ቀን የሚከፍትልሽ ጎረቤት ይስጥሽ፤ አንቺንም ሲንኳኳብሽ የምትከፍቺ ያድርግሽ።

የማትነቃነቀው እናትሽ
ፈትለወርቅ