የወደቀችው «ከሆነ»

ኸይጣን፣ ኩዌት
ቅዳሜ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ትንሣኤ፣ የቤቴ አለኝታ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የቤቱን ደረጃ ለምዶታል። ባለፈው የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ሁለት ቦታ አራት ነጥብ ዘለሻል። ሐኪም ልሆን ነው ብለሽ አታምልጪ፤ የመድኃኒት ትእዛዝም ነጥብ አለው።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ለአንዲት ሠራተኛ ልመሰክር ነው ብልሽ፣ በስልክ «አባዬ፣ አንተ ምን አገባህ? ዝም በል» ስትዪኝ መልስ ያልሰጠሁሽ ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ ግን በአንቺ አልነበረም። ሙሉውን ስላልነገርሁሽ እነሆ።

እኔ መዝገብ የምይዝበትን፣ ራይ በሚባለው ሰፈር ያለውን የምንጣፍ መጋዘን ሰኪና የምትባል የወሎ፣ የወረባቦ ልጅ ታጸዳ ነበር። ነሐሴ ላይ ቧንቧ ተከፍቶ አድሮ ምንጣፉ ሁሉ ራሰ። ጥፋተኛ መገኘት ነበረበትና እሷ ተጠራች። ክሱን በጽሑፍ የሰጣት የለም። የአገሩ ሕግ ግን ሠራተኛ የተከሰሰበትን በጽሑፍ ሳያውቅ፣ ቃሉም ሳይሰማ አይቀጣ ይላል። ዐረብኛ ስለምችል አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ።

ሰኪና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ጌቶቼ፣ አጥፍቼ ከሆነ አፉ በሉኝ፤ ቧንቧውን ግን አልነካሁትም» አለች። የወሎ ሰው ትልቅ ፊት ሲቆም እንዲህ ብሎ እንደሚጀምር፣ ደሴ ሳስተምር ስለኖርሁ አሳምሬ አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን «አፉ»ን በራሱ ቋንቋ ሰምቶ ከወንበሩ ተነሣ።

«ዐፍው! ሰማችሁ? ይቅርታ ጠየቀች፤ አመነች! አይደለም እንዴ፣ ኡስታዝ?»

«ይቅርታ ብላለች» አልሁ።

ይኸው ነው። «ከሆነ» ወደቀች፤ «አልነካሁትም» የሚለውም ተከተላት። ቃለ ጉባኤው በዐረብኛ ተጻፈ። ሳይነበብላት አሻራዋን አኖረች፤ እኔም ከሥሩ ፈረምሁ። የሰባት ዓመት ሥራ በሩብ ሰዓት አበቃ። የእኔ ኢቃማ፣ ድርጅቱ የሚያሳድስልኝ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በዚያው ሳምንት ታደሰ። ያኔ የነገርሁሽ የምሥራች እሱ ነበር።

ሰኪና አቤት ብላ፣ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሊያስማማቸው ሞክሮ አልሆነም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ድርጅቱ የያዘው ማስረጃ ያን ወረቀት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰኪና ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«ጋሼ ቸርነት፣ እኔ አፉ ያልሁት ለአደቤ ነው እንጂ ለቧንቧው ነው?»

«አውቃለሁ» አልኋት።

«ካወቁማ ቃሌ አንቱ ዘንድ ነው ያለው። መልሱልኝ።»

ልጄ፣ ተማሪ አንድ ቃል ገደፈ ብዬ ሃያ ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ያነሣሁ ሰው ነኝ። እኔን ማን ያርመኝ?

ነገ እሑድ ችሎት አለ። ገብቼ የተናገረችውን ከነ«ከሆነ»ው፣ ከነ«አልነካሁትም»ው አስመዘግባለሁ። ዳኛው «ያኔ ለምን አላልህም?» ቢለኝ ለእሱም መልስ አለኝ። ሐሙስ ዕለት ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ነገርሁት።

«ኡስታዝ፣ ለዕድሜህ እዘንለት» አለኝ።

«ያዘንሁትስ ለእሱ ነው» አልሁት።

ኢቃማዬ ከተሰረዘ እመጣለሁ። የመጨረሻ ዓመትሽን ወጪ እንዴት እንደምንወጣው ተቀምጠን እንመክራለን፤ ደሴ ውስጥ ጠመኔ የሚያስይዘኝ አላጣም። ዝም በል እንዳትዪኝ ብቻ። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። ቃሉን አምኖ የሰጠሽ በሽተኛ አይፈር።

ደብዳቤውን «አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በይኝ» ብዬ ልዘጋው ጽፌ ነበር። ሰረዝሁት። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

አባትሽ
ቸርነት