ማንጻፈው እና የአደራው ውሻ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1978

ጭጋግ። የጦሳ ተራራ ቀኑን ሙሉ አልታየም። ቀበሌ ገባሁ፣ የስኳር ዝርዝር ጻፍኩ፣ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ ቡችላ አለ። ቀይ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ። ያመጣችው ሚስቴ ሳፊያ ናት። የውሻ አፍ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ አጥባ፣ አንዱን በአፈር ፈትጋ፣ አሁንም በጥርጣሬ የምታየው የኔዋ ሳፊያ! ጎረቤታችን አልጣሽ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ምነው ሳፊያ፣ ሌባ ፈራሽ እንዴ?" አለቻት።

"ምን አለኝና ነው ሌባ የምፈራው?"

"ስሙስ ማነው?"

"ማንጻፈው።"

አልጣሽ ሳቀች። እኔ ጫማዬን ፈታሁ። እራት በላሁ... ምን እንደበላሁ ግን አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ዛሬ ስምንት ጊዜ ጠራችው። "ማንጻፈው! ና እንጂ፣ ማንጻፈው!" ቆጠርኩ።

በኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው አይደለም፣ ለሚሰማው ሰው ነው። ፊት ለፊት የማይባለው በውሻ ይባላል። እናቴ አክስቴን ተቀይማ ውሻዋን "ቀን አለ" ብላት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጠራቻት። አክስቴም አሥራ አንድ ዓመት ሰማች።

በሺር ከሄደ ስምንት ወሩ። ሳፊያ "የበሺር አባት" ብላ ከጠራችኝም ስምንት ወሯ። አሁን "ምሳ" ትላለች። "ሳሙና አልቋል" ትላለች። ስም የለኝም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ሊቀመንበሩ ጠራኝ። በሩን ዘጋው።

"ጓድ እንድሪስ፣ የውሻህ ስም ምን ማለት ነው?"

"ሚስቴ ናት ያወጣችለት።"

"ስለ ማመልከቻው ነው?"

"ስለ የትኛው ማመልከቻ?"

በሩን መልሶ ከፈተልኝ። ለካ በሱ ላይም የተጻፈ ነገር አለ። አልጣሽ ደግሞ ትናንት ሳፊያ ፊት "እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ትሙት" ብላ ማለች። ምኑን? ማንም አልጠየቃት። ሰፈሩ ሁሉ ያለ ጠያቂ እየማለ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

እዚህ እንኳ ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

ለብሔራዊ ውትድርና የቀበሌያችን ኮታ ሠላሳ አራት ነበር። ሠላሳ ሦስት ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አይቶ፣ "የጸሐፊው ልጅ ስንት ዓመት ሆነው?" አለኝ። መልስ አልጠበቀም፣ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እጄን የያዘኝ የለም፣ የመታኝም የለም። ሠላሳ አራት፦ በሺር እንድሪስ፣ ዕድሜ 19። ጽሕፈቴም ያምር ነበር።

ቤት ስገባ ሳፊያ ወሬው ደርሷት ኖሮ፣ "ማን ጻፈው?" አለችኝ።

"ከላይ ነው የመጣው፣ ወላሂ" አልኳት።

የማልኩትም በአላህ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ደግማ አልጠየቀችኝም። ቡችላ እስክታመጣ ድረስ።

ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ኮምቦልቻ ወረድኩ። የቀበሌ ሱቃችንን ስንዴ ለማስጫን። የመጋዘኑ ዘበኛ ገብረ ማርያም ነው፤ አብረን አንድ ወንበር ላይ የተማርን። በሩ ሥር አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ተኝቷል። ሰው ቢረግጠውም የሚነሳ አይመስልም።

"የማነው?" አልኩት።

"ከሐርቡ ነው የመጣ። ሰፋሪዎቹን የጫነውን መኪና ተከትሎ፣ እየሮጠ! እዚህ ሲደርሱ ወደ አውቶቡስ አዛወሯቸው። ባለቤቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ስሙን ጠራው። ሞተሩ ዋጠው፣ አልሰማሁም። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ከዚች በር አልተነሳም።"

"እና?"

"እናማ ማክሰኞ የተመረዘ ሥጋ ይበተናል። ውሻ በዛ አሉ። ወንድሜ በላቸው ሐይቅ ነው ያለ፣ ለግቢው ውሻ ይፈልጋል። ግን ከጥምቀት በፊት አይመጣም። እስከዚያ አንተ ዘንድ ይቆይልኝ። አደራ።"

"ቤት ሌላ አለ።"

"ታዲያ ምናለበት፣ ይጫወታሉ።"

"ይሄ የሚጫወት ይመስልሃል?"

እሺ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እምቢ ለማለትም ጉልበት ያስፈልጋል።

ከስንዴው ጆንያ ጋር ጫንነው። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጀርባውን ለኔ ሰጥቶ ቁልቁል ኮምቦልቻን ያያል። መኪናው በታጠፈ ቁጥር እሱም ይዞራል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ጓሮ፣ እንጨቱ ጎን አሰርኩት። ማንጻፈው ሄዶ ጆሮውን ነከሰው። ትልቁ አልተቆጣም፣ አልሸሸም። እንዳይጣሉ ብዬ ምግባቸውን ለየሁ። ቡችላው የራሱን ጨርሶ የሱንም በላ።

ሳፊያ አየችው። "ይሄ ምንድነው?" እንኳ አላለች። የተሰነጠቀ ሳህን አውጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችና ገባች። ገባኝ። የቡችላውን እሷ ታጥባለች፣ የዚህን እኔ። ሰባት ጊዜ አጠብኩ፣ አንዱን በአፈር። እጄ በብርዱ ደነዘዘ። ቀሪው አካሌ ቀድሞት ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

አልበላም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

አልጣሽ ገመዱን አየችና፣ "አምና ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ አይተን... ዘንድሮ ሁለት ውሻ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። አምና በዚህ ወር የሙታን ዝርዝርም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሥጋ ቤቱ የሚጥለውን አጥንት ለምኜ አመጣሁ። አሸተተው። ተወው። ቡችላው አጥንቱን እየጎተተ ግቢውን ዞረ፣ ከሱ የሚተልቅ አጥንት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ስም ሞከርኩለት። ቦቢ። ጃክ። ደፋር። አንበሴ። ጥቁሬ። ጆሮውን እንኳ አላቆመም። ያ ገበሬ ምን ይለው ነበር? ለየትኛው ጎረቤት፣ ለየትኛው ወንድም ብሎ ይሆን ያወጣለት? አሁንማ የተባለለት ሰውም የለ፣ ያለውም የለ። ውሻው ብቻ ቀረ።

በሺርን ሲጠሩት ሁለቴ ካልጠሩት አይመጣም ነበር። አንደኛውን ሰምቶ ዝም ይላል። ይሄ አሁን ለምን ትዝ አለኝ?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25

ጠዋት ሳይ ቡችላው ከትልቁ ሆድ ሥር ተኝቷል። ጭጋጉ ጠጉራቸው ላይ ውሃ ሠርቷል። ሳፊያም ቆማ ታያቸው ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጨን፣ ወዲያው ዞረች።

ከሰዓት በላ። ትንሽ፣ ግን በላ። ገመዱን ፈታሁለት። በሩ ሥር ሄዶ ተኛ፣ አፍንጫውን ወደ መንገድ አድርጎ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ፖስታ ቤት። የለም። የመጨረሻው ደብዳቤ የነሐሴ ነው። "ለእናቴ ሰላም በልልኝ" ይላል። አልኳት። "ሰምቻለሁ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፍ።

ከስብሰባ ስመጣ ይሄ ውሻ በሩ ላይ ያጉረመርማል። "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" እያልኩ እገባለሁ። ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ሳፊያ ከውስጥ "ማነው?" ስትልም "እኔ ነኝ" ነው መልሴ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ።

ዛሬ ከሰዓት ውሻው ጓሮ ፀሐይ ይሞቃል። አልጣሽ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በሩን አንኳኳች።

"ማነው?" አለች ሳፊያ።

"እኔ ነኝ።"

ውሻው ዘሎ ተነሳ። ጅራቱን እየቆላ፣ እየተንሸራተተ፣ በሩ ጋ ደርሶ አልጣሽ ደረት ላይ ወጣባት። ጩኸቷ ሰፈሩን አዳረሰ። ሳፊያም ሳቀች። ሳፊያ ስትስቅ! እጇን አፏ ላይ ጫነች ወዲያው።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ስሙ መስሎታል። የድሮውን የሚጠራው ሲያጣ፣ አዘውትሮ የሰማውን ይዟል።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ላረጋግጥ ብዬ ጓሮ፣ እንጨቱ ጎን ተቀመጥኩ። በሹክሹክታ "እኔ ነኝ" አልኩ። መጣ። አገጩን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ከባድ ራስ አለው።

ያኔውኑ ሳፊያ ከፊት ለፊት፣ "ማንጻፈው! ማንጻፈው!" ብላ ተጣራች።

ድምፄን ከፍ ባደርገው ትሰማለች። አፌን ዘጋሁ። ውሻው ቀና ብሎ አየኝ... ምን ትጠብቃለህ?

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ሳፊያ ለወንድሟ ኮምቦልቻ መልእክት ልካለች። አልጣሽ ናት የነገረችኝ። "ለጊዜው እዚያ ልትቀመጥ ነው አሉ። ተጣላችሁ እንዴ?"

አልተጣላንም አልኳት። ለመጣላትም መነጋገር ያስፈልጋል።

ብትሄድ ቡችላውን ይዛ ትሄዳለች? ወይስ ለኔ ትተወዋለች፣ ራሴ እንድጠራው?

ሐሙስ፣ ጥር 15

በላቸው መጣ። ገመድ ይዞ፣ ከሐይቅ የአገዳ እሽግ ለስጦታ ይዞ። ጨዋ ሰው ነው። ሳፊያ መድረኩ ላይ ምስር ትለቅማለች።

ውሻው ገመዱን ሲያይ እንጨቱ ሥር ገባ። በላቸው ጎንበስ ብሎ አፏጨ፣ አጨበጨበ፣ ዳቦ ወረወረ። ዳቦውን ማንጻፈው በላው።

"ጋሼ እንድሪስ፣ እርስዎን ለምዷል። በስሙ ይጥሩልኝ እስቲ። ማነው ስሙ?"

ስም የለውም ልለው ነበር። ምላሴ ላይ ደርሷል። ያኔም "ከላይ ነው" ያልኩት እንዲሁ በቀላሉ ነው፤ ቃሉ ራሱ ነው የወጣው። ሳፊያን አየኋት። አቀርቅራ ትለቅማለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

በላቸው ሳቀ። "እርስዎማ እርስዎ ነዎት! የውሻውን ነው እንጂ።"

"ስሙ ነው" አልኩት። ከዚያ ጠራሁ። ጓሮ እንዳደረግኩት በሹክሹክታ አይደለም። ሳፊያ ቡችላውን በምትጠራበት ድምፅ፣ አልጣሽ ግቢ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!"

ወጣ። እግሬ ሥር ቆመ። አንገቱን ለገመዱ ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። ጠጉሩ ሞቃት ነበር። ቋጠሮው ሁለቴ ተፈታብኝ።

በላቸው ይዞት ወጣ። ውሻው ወደ ኋላ ሲል "እኔ ነኝ፣ ና በል፣ እኔ ነኝ" እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። እስከ መታጠፊያው ይሰማል። ስዞር የሳፊያ እጅ ምስሩ ላይ ቆሟል። ሰፌዱን አንስታ ገባች። በሩን ዘጋችው፣ ቀስ ብላ።

ምሽት ላይ ቡችላውን አልጠራችም።

ዓርብ፣ ጥር 16

ጠዋትም አልጠራችውም። ቡችላው እንጨቱ ሥር ገብቶ የጓደኛውን ቦታ አሸተተ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ።

ለሥራ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

"የበሺር አባት" አለችኝ።

ግድግዳውን ያዝኩ።

"ለምን?"

"ፈራሁ።"

"ማንን?"

ሊቀመንበሩን ልላት ፈለግኩ። እሱ ግን ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ ነበር። "እንጃ። ሁሉንም። የፈራሁትን እንኳ አላውቀውም።"

"ስንተኛ አድርገህ?"

"ሠላሳ አራተኛ። መጨረሻ ላይ።"

"በእስክሪብቶ?"

"በእስክሪብቶ።"

መድረኩ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሳትሸፍን። ልጁ ከሄደ ወዲህ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር። ይቅር በይኝ አላልኳትም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝ። ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊቴን ስነካው ርጥብ ነው። ደረቴ ታመመ፣ ክፉኛ ታመመ፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያላመመኝ። ቀበሌ አልሄድኩም። ይፈልጉኝ።

ወንድሟ ከሰዓት መጣ። ሻንጣዋን ግን አላወጣችለትም። "ዛሬ አይሆንም" አለችው። ነገስ? አልጠየቅኳትም። ሰውዬው ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ።

ቡችላው በመካከላችን መጥቶ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ልትጠራው አፏን ከፈተችና ተወችው። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ያ ስም ከእንግዲህ አይሆንም" አለችኝ። "ምን እንበለው?"