በሦስተኛው ፊልም ያየነው አባት

ለምወድሽ እህቴ ለኢርማ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የባለቤትሽ የሎይድ ወገብ ተሻለው? ጆሊንስ ጥርሷ ወጣላት ወይስ ገና እያስለቀሳት ነው? በዚያ በአላስካ ብርድ ቤታችሁን ሙቀት አይለየው። እኛ ደኅና ነን። በቆሎው ከበረዶው በፊት ገብቷል፤ አባባም ከሕመማቸው ተነሥተው ከብቶቹን ራሳቸው ያበላሉ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን የእርሻ ወሬ አይደለም። ልጆች ሳለን የምንወደው፣ ጎርፍ ያመጣው ጀግና ትዝ ይልሻል? ሦስተኛ ፊልም ተሠርቶለት ወደ ከተማችን ሲኒማ ቤት መጣ። አባባን "እንሂድ" ብላቸው "ድልድይ በትከሻው የሚሸከም ሰው ለማየት አርጅቻለሁ" አሉኝ። ሆኖም መኪናው ውስጥ ቀድመውኝ ገቡ።

አንቺ የጀግናውን ጉልበት ነበር የምትወጂው። እኔ በአራት ዓመቴ እናንተ ቤት የገባሁ ልጅ ስለሆንኩ ዓይኔ ሁልጊዜ ከወንዙ አውጥቶ ያሳደገው ገበሬ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ፊልም ሰውየው መልአክ ነው፤ ይመክር ይመክርና ፈገግ እንዳለ ይሞታል። እማማ "እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል?" ትል ነበር፣ አባባን በጎን እያየች። በሁለተኛው ደግሞ ኮስታራ ነው። ልጁ ከየት እንደመጣ ሳይነግረው ይደብቀዋል፤ ፊልሙም ይህንኑ ፍቅር ነው ብሎ ያሞግሰዋል። በአዲሱ ገበሬው አይሞትም። ልጁን ወንዙ ዳር ወስዶ "ያጡህ ሰዎች ማዶ ሆነው እያለቀሱ ይሆናል፤ ሂድና ፈልጋቸው" ይለዋል።

አባባ ይህን ሲሰሙ ፈንዲሻቸውን መሬት አስቀምጠው ወጡ።

ልባቸውን ያመማቸው መስሎኝ ተከትያቸው ሮጥኩ። መኪናው አጠገብ ቆመዋል።

"ምነው አባባ?"

"የሁለተኛው ፊልም ሰውዬ እኔ ነኝ" አሉ። "ደብቄሃለሁ።"

እንደነገሩኝ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ወላጅ እናቴ በራችን ድረስ መጥታ ነበር። እኔን ያሳጣትን መጠጥ ትታ፣ ሥራ ይዛ። ልውሰደው እንኳ አላለችም፤ አንዴ ብቻ አሳዩኝ ነው ያለችው። አባባ "እዚህ ያንቺ ልጅ የለም" ብለው መለሷት። እኔና አንቺ ኩሬው ላይ በረዶ ስንንሸራተት ነበር። እማማም ይህን ሳታውቅ ሞተች።

"ካየሃት ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ" አሉኝ።

አልዋሽሽም ኢርማ፣ ቤታቸው አድርሻቸው ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን ደጃቸውን አልረገጥኩም። አንድ ቀን ግን ብቻዬን ሲኒማ ቤት ተመልሼ ያቋረጥነውን ፊልም ጨረስኩት። ልጁ ወንዙን ይሻገራል፤ ፊልሙም አብሮት ይሻገርና ገበሬውን እዚያው ትቶት ይሄዳል። ሰውየው ቤቱ ሲገባ ምን እንዳደረገ፣ ለማን እንዳወራ አያሳዩንም። እኔ ግን ማየት የፈለግሁት እሱን ነበር። እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ አባባ ነዳሁ።

ጢማቸውን ተላጭተው ኩሽና ተቀምጠዋል። "ያለችበትን አጠያይቄ አገኘሁ፤ ሄስቲንግስ ከተማ ናት" አሉኝ። "ዓይኔ ደክሟል፣ አንተ ንዳ። በሩን የማንኳኳው ግን እኔ ነኝ።"

አንኳኩ። ሎሬታ ትባላለች፤ ፀጉሯ የነጣ ቀጭን ሴት ናት። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው "ልጅሽን ይዤልሽ መጣሁ። ዘግይቻለሁ" አሏት።

"ስረግምዎት ነው የኖርኩት" አለች።

"ይገባኛል።"

"ግቡ፤ ውጭው ይበርዳል።"

ሾርባ አቀረበችልን፤ እሷ ግን አልቀመሰችም። ከእኔ ይልቅ ወደ አባባ ዞራ "በዘጠኝ ዓመቱ ምን ይመስል ነበር? ይንገሩኝ" አለቻቸው። አባባ እስኪመሽ ነገሯት። እኔ ራሴ የረሳሁትን ሁሉ ነገሯት።

እናቴ ልበላት አልበላት ገና አላውቅም። ይህን ጻፍላት ያሉኝ አባባ ናቸው፤ በራሳቸው አፍ ሊነግሩሽ ግን ፈርተዋል። ስልክ ደውዪላቸው።

ለሎይድ ብርቱ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የጆሊንን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። አማትሽንም እግዜር ይማርዎት በያቸው። ሎሬታም "እህቱን ሰላም በሉልኝ" ብላለች።

ወንድምሽ ቨርን
ኦርድ፣ ኔብራስካ
ኖቬምበር 12 ቀን 2017